የፓልም ዛፍን ከሥሩ የሚጥለው ፈንገስ፦ ምንድን ነው? ለምንስ እስካሁን አልተሸነፈም?

ዘይት በተወደደ ቁጥር የምንወቅሰው አናጣም። ዶላር ነው፣ ጦርነት ነው፣ ነጋዴው ደብቆት ነው፣ መርከቡ ዘግይቶ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. ከሚያዝያ 20 ጀምሮ ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ከአገሯ እንዳይወጣ ለሦስት ሳምንት ተኩል ገደማ ከለከለች። ቀድሞውኑ የናረው የዓለም ገበያ ይብሱን ተናጠ። ሸማቾች ማኅበር በር ላይ የምንሰለፍለት "የሚረጋው ዘይት" ስንት አገር አቋርጦ እንደሚመጣ ያኔ ግልጽ ሆነ።

ዜና የማይሆን ሌላ ጉዳይም አለ። ከመሬት በታች፣ በዝግታ፣ ለዓመታት የሚሠራ። ፈንገስ ነው። የሚያመጣውን በሽታ "የግንድ ግርጌ መበስበስ" ልንለው እንችላለን። በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ እርሻዎች ላይ የሚሠሩ ሰዎች ግን ረጅሙን ስም ትተው በፈንገሱ ስም "ጋኖደርማ" ብቻ ይሉታል። በአካባቢው ከዚህ የሚብስ የፓልም በሽታ የለም። ከመቶ ዓመት በላይ ይታወቃል። መድኃኒት ግን አልተገኘለትም።

ለምን? መልሱ እንደሚመስለው ፈንገሱ ብርቱ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሰውም እጅ አለበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ የትኛው ዛፍ ነው?

ዘንባባን የምናውቀው ከሆሳዕና ነው። ፓልም የምንለው የዘይቱ ዘንባባ የዚያው ቤተሰብ አባል ነው፤ ዝርያው ግን ሌላ ነው። የትውልድ አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው። አንድ ረጅም ግንድ አለው። አናቱ ላይ ቅጠሎቹ ይዘረጋሉ፣ በቅጠሎቹ ብብት ውስጥ ደግሞ ቀይና ብርቱካንማ ፍሬ ታጭቆ በዘለላ ይወጣል። አንድ ዘለላ ከ10 እስከ 25 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ሠራተኛው በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ ማጭድ ቆርጦ ያወርደዋል።

ዛፉ በተተከለ በሦስት ዓመት ገደማ መስጠት ይጀምራል። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ይለቀማል። ለ25 ዓመት ያህል ያዋጣል። ከዚያ በኋላ በጣም ስለሚረዝም ማጭዱ አይደርስበትም፣ ምርቱም ይቀንሳል፣ ይነሳና በቦታው አዲስ ይተከላል። ይህን የ25 ዓመት ዙር ልብ በሉልኝ። ታሪኩ በሙሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው።

ከአንድ ሄክታር የሚገኘውን ዘይት ካየን የሚስተካከለው ሰብል የለም። በደህና እርሻ ላይ ከ3 እስከ 4 ቶን ዘይት ይገኛል። አኩሪ አተር ግማሽ ቶን ገደማ ነው። ርካሽ የሆነውም፣ በየብስኩቱና በየሳሙናው የገባውም ለዚህ ነው። ዛሬ ከዓለም የፓልም ዘይት ከ80 በመቶ በላይ የሚመጣው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው።

አፍሪካዊው ዛፍ እዚያ እንዴት ደረሰ? በ1848 አራት ችግኞች ጃቫ ደሴት ላይ ወዳለው የቦጎር የዕፅዋት ማዕከል ተወሰዱ። አራት ብቻ። የእነሱ ልጆች ሱማትራ በተባለው የኢንዶኔዥያ ደሴት ውስጥ ዴሊ በሚባለው አካባቢ ተባዙ፣ በአካባቢውም ስም ተጠሩ። ሱማትራ ላይ ለንግድ መተከል የጀመረው በ1911 ነው፤ ማሌዥያ ውስጥ በ1917። በዘመናዊዎቹ የእስያ እርሻዎች ውስጥ በእናት በኩል የዴሊ ደም የሌለው ፓልም ማግኘት ይከብዳል። እዚህ ነጥብ ላይ በኋላ እንመለሳለን።

ፈንገሱስ ምንድን ነው?

ሙሉ ስሙ ጋኖደርማ ቦኒነንስ ነው። ጋኖደርማ ሰፊ ወገን ነው። በቻይና መድኃኒትነት የሚታወቀው፣ በካፕሱልና በቡና ውስጥ ተደባልቆ የሚሸጠው "ጋኖደርማ" የዚሁ ወገን ሌላ ዝርያ ነው። አንዱ በብልቃጥ ይሸጣል፣ ሌላው እርሻ ያወድማል።

በተፈጥሮ ሥራው የሞተ እንጨትን መልሶ አፈር ማድረግ ነው። ጫካ ውስጥ ይህ ሥራ ባይኖር የወደቀው ዛፍ ሁሉ ተከምሮ መተላለፊያ ያሳጣ ነበር። ጣጣው ፈንገሱ የሞተውን ብቻ አይበላም፤ አቅም ሲያገኝ ወደ ቆመውም ይገባል።

አበላሉ ለየት ያለ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ አስቡ። ማገሩ አለ፣ ማገሩን ያያዘው ጭቃ አለ። በእንጨት ውስጥም እንዲሁ ነው፦ ሴሉሎስ የሚባሉት ክሮች ማገሩ ናቸው፣ ሊግኒን የሚባለው ጠንካራ ነገር ደግሞ ጭቃው። ሊግኒንን መፍጨት የሚችል ፍጡር በዓለም ላይ ጥቂት ነው። ጋኖደርማ ይችላል። መጀመሪያ ጭቃውን ይበላል፣ ማገሩ ሲራቆት ደግሞ ወደ እሱ ይዞራል። ግድግዳው ለተወሰነ ጊዜ ቆሞ ይታያል። ግን የሚሸከመው የለም።

የታመመ ግንድ ከታች በመጋዝ ሲቆረጥ ይህ በዓይን ይታያል። የበሰበሰው ክፍል ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፣ በጣት ሲጫኑት ይገባል። በውስጡና በዳርቻው ቅርጽ የሌላቸው ጠቆር ያሉ መስመሮች ይዞራሉ። ከመስመሩ ወዲያ ቢጫ የሆነ ጠባብ ቀለበት አለ። ከዚያ ውጭ ደህና እንጨት። ያ ቢጫ ቀለበት ዛፉና ፈንገሱ የሚታገሉበት ድንበር ነው። ሥሮቹን ብትነኩ ደግሞ ውጫዊው ክፍል ይፈረፈራል፣ መሐሉ ጠቁሯል።

ፓልም በተፈጥሮው ይህን ዓይነት ጥቃት ለመቋቋም አይመችም። ዋንዛ ወይም ባሕር ዛፍ ከቅርፊቱ ሥር በየዓመቱ አዲስ እንጨት የሚያበጅ ሕያው ቀለበት አለው። ሲቆስል ቁስሉን ከዳር ከዳር እየሸፈነ ይዘጋዋል። ፓልም ይህ የለውም። ግንዱ አንዴ ከተሠራ ተሠራ ነው። አናቱ ላይ ያለችው አንዲት ቡቃያ ብቻ ታድጋለች። ግርጌው ላይ የጠፋው አካል አይተካም፤ ውሃውና ምግቡ ሁሉ ግን የሚያልፈው በዚያው ግርጌ ነው።

ታዲያ ሲታመም አይታወቅም እንዴ?

ይታወቃል፤ ግን ዘግይቶ። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት አናቱ ላይ ይመጣል። አዲስ ቅጠል ሲወጣ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ተጠቅልሎ ነው፤ ቀስ ብሎ ይከፈታል። በታመመ ዛፍ ላይ አዳዲሶቹ ቅጠሎች ሳይከፈቱ ሁለት ሦስት ሆነው ተደርድረው ይቆማሉ። ነገሩ ሲታሰብ የውሃ ጥም ነው። መሬቱ እርጥብ ቢሆንም የሚያሳልፈው ቧንቧ ተበልቷል። የማያውቅ ሰው ድርቅ ነው ወይም ማዳበሪያ አንሶት ነው ሊል ይችላል። እውነትም ይመሳሰላሉ። ቀጥሎ ቅጠሉ ይገረጣል። ከዚያ የታችኞቹ ቅጠሎች ተሰብረው ግንዱ ዙሪያ ይንጠለጠላሉ።

በመጨረሻ እንጉዳዩ ብቅ ይላል። ግንዱ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ መጀመሪያ ነጭ ትንሽ እብጠት ትታያለች፤ አንዲት ቁልፍ የምታህል። ትሰፋና መደርደሪያ ሆና ከግንዱ ላይ ትዘረጋለች። ላይዋ ቫርኒሽ የተቀባ ይመስል ቀላ ያለ ቡናማና አንጸባራቂ ነው። ዳሯ ነጭ ነው። የታችኛው ገጿ ደግሞ በዓይን ለማየት በሚያስቸግሩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ታምራለች፣ እውነቱን ለመናገር።

ብዙ ሰው እንጉዳዩ በሽታው ይመስለዋል። እንጉዳዩ ግን ፈንገሱ የሚራባበት አካል ነው፤ ዋናው አካል በግንዱና በሥሩ ውስጥ የተሰራጨው ቀጭን ክር ነው። መደርደሪያዋን ገንጥሎ መጣል ዛፉን አያድነውም።

ምልክቱ አናቱ ላይ በሚታይበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከግንዱ ግርጌ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሞቷል። ወጣት ዛፍ ምልክት ከታየበት በኋላ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞታል። ትልቁ 2 ወይም 3 ዓመት ሊቆይ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ መሞቱን እንኳ አይጠብቅም። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ እያለ ነፋስ ሲመጣ ከግርጌው ተሰብሮ ይወድቃል።

ቀድሞ የሚያውቅ መሣሪያስ የለም?

እየተሞከረ ነው። ግንዱ ላይ የድምፅ ሞገድ ልኮ ውስጡ ባዶ መሆን አለመሆኑን በምስል የሚያሳይ መሣሪያ አለ። ከግንዱ ናሙና ወስዶ በላቦራቶሪ የፈንገሱን ዘረመል መፈለግም ይቻላል። ድሮን ከላይ እየበረረ የቅጠሉን የብርሃን አመላለስ ያነባል። የታመመ ግንድ የሚያወጣውን ሽታ የሚለይ የኤሌክትሮኒክስ አፍንጫም ተሠርቷል።

ችግሩ ሒሳቡ ነው። በአንድ ሄክታር ላይ 140 ገደማ ዛፍ ይቆማል። 10 ሺህ ሄክታር ያለው ኩባንያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዛፍ አለው ማለት ነው። እያንዳንዱን በመሣሪያ መመርመር የሚታሰብ አይደለም። ድሮኑ ፈጣን ነው፤ የሚያየው ግን ቅጠሉን ነው፣ ቅጠሉ ደግሞ የሚናገረው ዘግይቶ ነው። ታዲያ አሁንም አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በእግር እየዞረ በሚቆጥር ሰው ነው። የታመመውን ግንድ ቀለም ይቀባና ያልፋል።

ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይዛመታል?

ዋናው መንገድ ሥር ለሥር ነው። አንድ የታመመ ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶውና ሥሩ መሬት ውስጥ ይቀራል። ፈንገሱ እዚያው ሆኖ ለዓመታት ይመገባል። አዲሱ ችግኝ አጠገቡ ይተከላል። ያድጋል፣ ሥሩን ይሰዳል፣ አንድ ቀን ከአሮጌው ጉቶ ጋር ይገናኛል። ፈንገሱ ከሞተው ወደ ሕያው ይሻገራል። ከዚያ ደግሞ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት።

ሁለተኛው መንገድ በአየር ነው። አንዲት መደርደሪያ በብዛት የማይቆጠር ስፖር፣ ማለትም የደቀቀ የፈንገስ ዘር፣ ትበትናለች። ስፖሩ ምን ያህል ድርሻ አለው የሚለው ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ጉዳይ ነው። ተመራማሪዎች ጎን ለጎን ከቆሙ የታመሙ ዛፎች ፈንገሱን ወስደው ዘረመሉን ሲያወዳድሩ ብዙ ጊዜ የተለያየ ሆኖ ያገኙታል። በሥር ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት። ስለዚህ ስፖር ሚና አለው። ግን አንድ ስፖር ብቻውን ብዙም አያደርግም፤ ተስማሚ ጥንድ አግኝቶ መዋሐድ አለበት። የሚመቸውም በሞተ እንጨት ወይም በቁስል ላይ መጀመር ነው። ዞሮ ዞሮ በሁለቱም መንገድ ጉቶው አለበት።

ድሮ እንዲህ ነበር?

አልነበረም። ይህ የታሪኩ እምብርት ነው።

ማሌዥያ ውስጥ በሽታው በ1931 ሲመዘገብ የሚያጠቃው ከ25 ዓመት በላይ የሆናቸውን ያረጁ ዛፎች ነበር። ማንም ብዙ አልተጨነቀም። ዕድሜያቸው አልፏል፣ ለመነሳት የተዘጋጁ ናቸው። የሽማግሌ በሽታ ተባለ።

ከዚያ በኋላ የኮኮናት እርሻዎች እየተነሱ ፓልም ተተከለባቸው። ኮኮናትም ዘንባባ ነው፣ ፈንገሱ ያውቀዋል። በእነዚህ መሬቶች ላይ ከ10 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው ዛፎች መውደቅ ጀመሩ። ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹ የፓልም እርሻዎች 25 ዓመታቸውን ጨርሰው ሁለተኛው ዙር ተተከለ፣ ከዚያ ሦስተኛው። በየዙሩ የሚያዘው ዛፍ ዕድሜ አነሰ። አሁን ተተክለው ጥቂት ዓመት ብቻ የሆናቸው ችግኞች ላይ ይታያል። ድሮ ከበሰበሰ ዕፅዋት የተሠራው ረግረጋማ አፈር (ፒት) ለፈንገሱ አይመቸውም ይባል ነበር፤ እሱም ቀርቷል።

በጣም የከፋው የእስያ የፓልም እርሻ በተጀመረበት በሰሜን ሱማትራ መሆኑ አይገርምም። እዚያ በአንድ መሬት ላይ ሦስተኛና አራተኛ ዙር የተተከለበት ቦታ አለ። በክፉኛ በተጠቁ ቦታዎች የ25 ዓመቱ ዙር ገና ግማሽ ላይ ሳለ እስከ 80 በመቶ የሚደርስ ዛፍ ሊጠፋ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል።

በሌላ አነጋገር ፈንገሱ አልተለወጠም። የተለወጠው ማዕዱ ነው። በጫካ ውስጥ አንድ ፓልም እዚህ ቢኖር ሌላው ራቅ ብሎ ነው፤ በመሐል ብዙ ዓይነት ዛፍ አለ። በእርሻ ላይ አንድ ዓይነት ዛፍ በ9 ሜትር ልዩነት እስከ አድማስ ይቆማል። ሲያረጅ ጉቶው መሬት ውስጥ ይቀራል፣ አጠገቡ ያው ዛፍ እንደገና ይተከላል። መሬቱ በየዙሩ ፈንገሱን እየቀለበ ያሳድገዋል።

መድኃኒት ይረጭበታ!

ለወባ ትንኝ የሚሠራው እዚህ አይሠራም። ፈንገሱ ያለው በግንዱና በሥሩ ውስጥ ነው፤ ከላይ ቢረጩበት አይደርሰውም። ሄክሳኮናዞል የተባለ ፀረ ፈንገስ አለ፤ ግንዱ ተበስቶ በግፊት ይወጋል። የዛፉን ዕድሜ ያራዝማል። አያድነውም።

ሌላው ዘዴ ግርጌው ዙሪያ አፈር መከመር ነው። ዛፉ በተከመረው አፈር ውስጥ አዲስ ሥር ያወጣል፣ በነፋስም ቶሎ አይወድቅም። ጥቂት ዓመት ፍሬ ይገኝበታል። የበሰበሰውን ክፍል ቆርጦ ማውጣትም ተሞክሯል፤ መበስበሱ ግን ብዙ ጊዜ ከአፈር በታች ስለሚወርድ ጫፉን ማግኘት ከባድ ነው። በታመመው ዛፍ ዙሪያ ቦይ ቆፍሮ ሥር ለሥር እንዳይገናኙ መለየት የቆየ ዘዴ ነው። ቦዩ ካልተጠረገ ይደፈናል። ጥልቅ ካልሆነም የዛፉ ሥር ከቦዩ በታች ያልፋል።

በሌላ ፈንገስ መዋጋትም አለ። ትሪኮደርማ የሚባለው ለሌሎች ፈንገሶች ጠላት ነው፤ ችግኙ ሲተከል ከብስባሽ ጋር ተደባልቆ ጉድጓዱ ውስጥ ይጨመራል። የማሌዥያ ፓልም ዘይት ቦርድ ደግሞ በዛፉ ሥር ውስጥ ተስማምቶ የሚኖር ሄንደርሶኒያ የተባለ ፈንገስ ለገበሬ እንዲደርስ አድርጓል። እነዚህ ችግኙን ያበረታሉ። ከሥራቸው በፈንገስ የተሞላ ትልቅ ጉቶ ካለ ግን ብቻቸውን አይችሉትም።

እኔ እንደምረዳው ከሁሉም የሚሻለው አሰልቺው ነው፦ ማጽዳት። አሮጌው ዛፍ ሲነሳ በእስካቫተር ከነጉቶው ይነቀላል። ጉቶው የነበረበት ቦታ በሰፊው ይቆፈራል፣ ሥሩ ይለቀማል። ግንዱ በስሱ ይከተፋል። ክትፉ በቀጠነ መጠን ቶሎ ይደርቃል፣ ፈንገሱም ቶሎ ምግብ ያልቅበታል። አንዳንዶች ይህን ካደረጉ በኋላ መሬቱን ለአንድ ዓመት ያህል ያሳርፉታል።

"ለምን አያቃጥሉትም?" የሚል ይኖራል። ድሮ ይቃጠል ነበር። ግን የሱማትራና የቦርኒዮ ጭስ ባሕር ተሻግሮ ሲንጋፖርንና ኳላላምፑርን እያፈነ ስንት ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የአካባቢው አገሮች በ2002 ድንበር ተሻጋሪ ጭስን ለመከላከል ስምምነት ፈርመዋል። ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ያለ እሳት ማጽዳትን መመሪያ አድርገዋል። እሳት ደግሞ አፈር ውስጥ የተቀበረውን አይነካም። በሌላ በኩል ግንዱ ሳይከተፍ ተጋድሞ እንዲበሰብስ ከተተወ ባለ ቀንዱ ትልቅ ጥንዚዛ እጮቹን ይፈለፍልበታል። ጥንዚዛው ወጥቶ የችግኞቹን ቡቃያ ይቦረቡራል። አንዱን ሸሽተው ሌላው ላይ ይወድቃሉ።

የሚቋቋም ዝርያ ማርባት አይቻልም?

እዚህ ላይ ወደ አራቱ ችግኞች እንመለስ።

ዛፎች ለበሽታው ያላቸው አቅም እኩል እንዳልሆነ የታወቀው ከእርሻ ምልከታ ነው። በአንድ መሬት ላይ የአንዱ ቤተሰብ ዛፎች ሲረግፉ የሌላው ይቆማሉ። በአጠቃላይ የዴሊ ዘር ያላቸው ይበልጥ ይጠቃሉ፤ ከአፍሪካ በኋላ የመጡት የተሻለ ይቋቋማሉ። የመላው እስያ እርሻ በእናት በኩል በጥቂት ዛፎች ዘር ላይ መቆሙ ዋጋ አስከፍሏል። መፍትሔው ይገኝ ይሆናል ተብሎ የሚፈለገው ደግሞ ዛፉ በተወለደበት በኮንጎና በካሜሩን አካባቢ ነው።

አመራረጡ እንዲህ ነው። ከጎማ ዛፍ እንጨት ትንንሽ ኩብ ይቆረጣል። ፈንገሱ ላቦራቶሪ ውስጥ ኩቡን እንዲወርሰው ይደረጋል። ከዚያ በችግኝ ከረጢት ውስጥ ይቀበርና አጠገቡ የበቀለ የፓልም ዘር ይተከላል። ያ ኩብ የጉቶው ምትክ ነው። ከወራት በኋላ የሞተው ይቆጠራል፤ ያልሞተውም ይሰነጠቅና ውስጡ ይታያል። ከየቤተሰቡ ብዙ ችግኝ እንዲህ ይፈተናል። የተሻለ የቆየው ቤተሰብ ለዘር ይመረጣል።

በዚህ መንገድ የተመረጡ ዘሮች ኢንዶኔዥያ ውስጥ ለገበያ ቀርበዋል። ይሁንና "ይቋቋማል" ማለት "አይያዝም" ማለት አይደለም። ከሌላው ያነሰ ይያዛል፣ ዘግይቶ ይያዛል። ፈጽሞ የማይያዝ ፓልም እስካሁን የለም። የፓልም ትውልድ ረጅም ስለሆነ አንድ ዙር ማዳቀልና መፈተን ብቻ ከ10 ዓመት በላይ ይወስዳል።

ገበሬው ለምን ቶሎ አያነሳውም?

ከውጭ ሆኖ ማዘዝ ይቀላል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከፓልም መሬት 40 በመቶ ገደማው በአነስተኛ ገበሬዎች እጅ ነው። ሁለት ወይም አራት ሄክታር ያላቸው ናቸው።

እንደዚህ ያለ ገበሬ የታመመ ዛፉን ሲያይ ዛፉ አሁንም ዘለላ ይዟል። በሁለት ሳምንት አንዴ ገንዘብ ያመጣል። ቢነቅለው አዲሱ እስኪያፈራ ሦስት ዓመት ይጠብቃል። እስካቫተር ይከራያል፣ ችግኝ ይገዛል። ታዲያ "እስኪወድቅ ልብላው" ቢል ማን ይፈርድበታል? ሌላም የሚያዘናጋ ነገር አለ። ጥቂት ዛፎች ሲሞቱ የቀሩት ብርሃን ያገኛሉና ብዙ ያፈራሉ። ጠቅላላ ምርቱ መጀመሪያ ላይ ብዙም አይቀንስም። ገበሬው ሲነቃ ማሳው ውስጥ ሰፊ ክፍተት ተፈጥሯል።

ገቢ እንዳይቋረጥ ብለው አዲሱን ችግኝ በአሮጌዎቹ መሐል የሚተክሉም አሉ። አሮጌው ቀስ በቀስ በመርዝ ይሞታል፣ ቆሞ ይበሰብሳል። ለኪስ ይመቻል፤ ለፈንገሱ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም።

የኢንዶኔዥያ መንግሥት በ2017 ለአነስተኛ ገበሬዎች የማደሻ ድጎማ ጀምሯል። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጉቶ ማውጣት ከማደሻው ወጪ ውስጥ ተቆርጦ ለመቅረት የመጀመሪያው ነው፤ ዛሬ ባይሠራ ዛሬ የሚታይ ጉዳት የለውምና። ሒሳቡ የሚመጣው ከ10 ዓመት በኋላ ነው።

ዘይቱን የሚበላ ሰውስ?

አያሰጋውም። ፈንገሱ የሚኖረው በግንድና በሥር ውስጥ እንጂ በፍሬው ውስጥ አይደለም። ሰውን የሚያሳምም ዝርያም አይደለም። ዘለላው ፋብሪካ ሲገባ መጀመሪያ በከባድ እንፋሎት ይቀቀላል፤ ሲጣራ ደግሞ ከ200 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ስለ ፓልም ዘይትና ጤና ሌላ ክርክር አለ፤ ከዚህ በሽታ ጋር ግን አይገናኝም።

ለእኛ ምን ያገባናል?

ከውጭ የምናስገባው የምግብ ዘይት አብዛኛው ፓልም ነው፣ የሚመጣውም ከእነዚሁ ሁለት አገሮች ነው። ነገ ጠዋት በጋኖደርማ ምክንያት ዘይት ይጠፋል የሚል ካለ አትስሙት። በሽታው እንደ ጦርነት ወይም እንደ ወጪ ንግድ እገዳ በአንድ ቀን ዋጋ አይሰቅልም። ከአንድ ሄክታር የሚገኘውን ምርት ነው በዝግታ የሚሸረሽረው። ምርቱ ሲያንስ ያንኑ ዘይት ለማግኘት ተጨማሪ መሬት ያስፈልጋል፣ ተጨማሪ መሬት ማለት እዚያ አካባቢ ብዙ ጊዜ ጫካ ማለት ነው። ወይም ደግሞ ዋጋው ይጨምራል።

ጊዜው ራሱ ወሳኝ ነው። የኢንዶኔዥያ እርሻ እጅግ የተስፋፋው በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ነው፤ በተለይ ካሊማንታን ውስጥ፣ ማለትም በቦርኒዮ ደሴት የኢንዶኔዥያ ክፍል፣ ብዙው የተተከለው ቀድሞ ፓልም ነክቶት በማያውቅ መሬት ላይ ነበር። የመጀመሪያ ዙር ስለሆነ በሽታው እስካሁን ቀለል ብሎ ከርሟል። እነዚያ ዛፎች አሁን 25 ዓመት እየሞላቸው ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ወደ ሁለተኛ ዙር እየገባ ነው። ጉቶው ይነቀል ወይስ ይተው የሚለው ውሳኔ በየማሳው የሚሰጠው በእነዚህ ዓመታት ነው።